ጉዲፈቻ በኢትዮጵያ፦ ማሳደግ ብቻውን ለምን አይበቃም

በየሰፈሩ ያልወለዱትን ልጅ የሚያሳድግ ቤት አይጠፋም። የእህት ልጅ፣ የሟች ጎረቤት ልጅ፣ ከገጠር የመጣ የዘመድ ልጅ። ልጁ «እማዬ» እያለ ያድጋል፤ ሰፈሩም የእሷው ልጅ ነው ብሎ ተቀብሎታል። በሕግ ዓይን ግን እንዲህ ካደጉት ብዙዎቹ የማንም የጉዲፈቻ ልጅ አይደሉም። ጉዲፈቻ ወይም ማደጎ የሚጸናው አንድ ሰው ያልወለደውን ልጅ እንደ ወለደው አድርጎ ለመቀበል ሲስማማና ስምምነቱን ፍርድ ቤት ሲያጸድቀው ነው። በማሳደግና በሕግ በጸና ጉዲፈቻ መካከል ያለው ክፍተት ስንት ሰው ሜዳ ላይ ጥሏል፤ ስለዚህ ከሥር ከመሠረቱ እንየው።

ልማዱ ከሕጉ እጅግ ይቀድማል። ስሙም ሥርዓቱም ከኦሮሞ ባህል የመጣ ነው። ልጅ ያጡ ባልና ሚስት፣ አንዳንዴም የወለዱ፣ ከዘመድ ወይም ከሌላ ጎሳ ልጅ ይቀበላሉ፤ ሽማግሌዎች ባሉበት ቃል ይገባሉ። ከዚያ ወዲያ ልጁን «ያንተ አይደለም» ብሎ መናገር ነውር ነው። በአሳዳጊው ስም ይጠራል፣ ከተወለዱት እኩል ይወርሳል። በአማራው አካባቢ ደግሞ የጡት ልጅ የሚባል ነበር። አባት የሚሆነው ሰው ጣቱን ማር ውስጥ ይነክራል፣ ልጅ የሚሆነው በምስክሮች ፊት ጣቱን ይጠባል፣ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ ናቸው። ይሄ ለሕፃን ብቻ አልነበረም፤ አዋቂ ሰውም ከትልቅ ሰው ጋር ለመዛመድ ያደርገው ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዘመን አገራችንን የጎበኙ የውጭ ተጓዦችም ጽፈውታል። በሙስሊሙ ዘንድ የቲም፣ ማለትም ወላጅ የሞተበትን ልጅ፣ ማሳደግ ትልቅ ዋጋ ያለው ሥራ ነው፤ ነገር ግን የልጁ ዘር ወደ አሳዳጊው አይዞርም፣ በወላጅ አባቱ ስም እንደተጠራ ይኖራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በአገራችን ልማድ ልጅ የሰጠ ሰው ልጁን አላጣም። ልጁ ማን እንደወለደው ያውቃል፣ በበዓል ይጠይቃል፣ ለቅሶ ይደርሳል። ሌላ ቤተሰብ ተጨመረለት እንጂ የነበረው አልተሰረዘበትም።

ሕጉም ይህንኑ መንፈስ ይዟል። ጉዲፈቻ በ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ አሁን የምንሠራበትን መልክ ሰጠው። (ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው፤ እዚህ የማወራው ስለ ፌዴራሉ ነው።) አሳዳጊው ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ያገባ ከሆነ ባልና ሚስት አብረው ነው የሚቀበሉት፤ አንዱ የሌላውን ልጅ ሲቀበል ግን ለብቻው ይችላል። ልጁ ከ18 ዓመት በታች መሆን አለበት። የጉዲፈቻ ልጅ ለማንኛውም ጉዳይ እንደ ተወላጅ ልጅ ይቆጠራል፤ ከወለዱት ወላጆቹ ጋር ያለው ዝምድናም አይቋረጥም። ከሁለቱ ቤተሰቦች አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን ግን የአሳዳጊው ይቀድማል።

ዳኛው ፊት ሲቀረብ ዝም ብሎ ፊርማ ማየት አይደለም። ልጁ ራሱ ምን ይላል? አሳዳጊው የማሳደግ አቅም አለው? እንደ ልጁ እንደሚያየውና እንደማይጎዳው የሚያሳይ በቂ መረጃ አለ? እነዚህን ሳይመረምር ፍርድ ቤቱ ማጽደቅ የለበትም። አንዴ ከጸደቀ ደግሞ እንደ ተራ ውል «ትቼዋለሁ» አይባልም። የሚሻረው አሳዳጊው ልጁን በመንከባከብ ፈንታ እንደ ባሪያ ሲይዘው፣ ለጥቅም ብሎ ከሥነ ምግባር ውጪ በሆነ ሥራ ሲያሰማራው ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚያበላሽ ሌላ ሁኔታ ሲይዘው ነው።

ያኔ ሕጉ ለውጭ ዜጋም በር ከፍቶ ነበር። ፍርድ ቤቱ ልጁ እዚሁ አገር ውስጥ የሚያድግበት መንገድ አለመኖሩን እንዲመረምር ያዝዝ ነበር፤ በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። በተግባር የሆነው ግን ሌላ ነው። ኤችአይቪ ብዙ ሕፃናትን ያለ ወላጅ ባስቀረበት ዘመን የውጭ ጉዲፈቻ ተስፋፋ፣ በ1997 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካዊቷ የፊልም ተዋናይ አንጀሊና ጆሊ ከኢትዮጵያ ልጅ መውሰዷ ዓለም ዓይኑን እዚህ ላይ እንዲጥል አደረገ። በእ.ኤ.አ. 2010 የበጀት ዓመት ብቻ 2,513 ልጆች ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ በዚያ ዓመት ለአሜሪካ ቤተሰቦች ከእኛ በላይ ልጅ የሰጠች አገር ቻይና ብቻ ነበረች። ስፔን፣ ጣሊያንና ፈረንሳይም የሄዱ ብዙ ናቸው። ገንዘብ ገባበት፣ ማሳደጊያዎች በዙ፣ ደላላም አብሮ መጣ።

ክፉው ጉዳት የደረሰው ሁለቱ የጉዲፈቻ ዓይነቶች ሳይግባቡ ሲገናኙ ነው። እዚህ ያለችው እናት ልጄ ተምሮ ይመለሳል፣ ይደውላል፣ ነገ ለወንድሞቹ ይደርሳል ብላ አውራ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳርፋለች። እዚያ ያለው ሕግ ግን ልጁን ከመጀመሪያ ቤተሰቡ ሙሉ በሙሉ ቆርጦ የሌላ ሰው ልጅ ያደርገዋል። ማንም በቋንቋዋ ቁጭ ብሎ አላስረዳትም። «ወላጅ አልባ» ተብለው ከሄዱት መካከል እናት ወይም አባታቸው በሕይወት ያሉ መኖራቸው በኋላ ወጣ። በእ.ኤ.አ. 2014 የአንድ የአሜሪካ አገናኝ ድርጅት ሠራተኞች ከኢትዮጵያ ጉዲፈቻ ጋር በተያያዘ የማጭበርበር ሴራ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ጥፋታቸውን አምነዋል። በእ.ኤ.አ. 2011 ደግሞ ከኢትዮጵያ የተወሰደች ታዳጊ በዋሽንግተን ግዛት ተርባና በብርድ ተቀጥታ ሞተች፤ አሳዳጊዎቿ ከሁለት ዓመት በኋላ ተፈረደባቸው። ያን ዜና የሰማ ኢትዮጵያዊ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

እንዳንሳሳት፣ እዚያ ሄደው በፍቅር ያደጉም ብዙ አሉ። አንዳንዶቹ አዋቂ ሆነው እየተመለሱ እናታቸውን ይፈልጋሉ፤ ፋይሉ ላይ የተጻፈው የመንደር ስም ስህተት ሆኖ የሚንከራተቱ አሉ። ለእነሱ ትክክለኛ መዝገብ ማግኘት የመብት ጉዳይ ነው፤ አገራችንም አሳዳጊ አገሮቹም ይህን ዕዳ ገና አልከፈሉም።

መንግሥት መጀመሪያ ፍጥነቱን ቀነሰ፦ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በቀን እስከ 50 ፋይል ያይ የነበረውን ወደ 5 አወረደው። በመጨረሻ ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ ጉዲፈቻን ከለከለ፤ አዋጅ ቁጥር 1070 ይባላል። እኔ ክልከላውን እደግፈዋለሁ። ግን መከልከል የሥራው ግማሽ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ መንግሥት ለወላጅ አልባ ሕፃናት ልዩ ጥበቃ እንዲያደርግና በጉዲፈቻ የሚያድጉበትን ሥርዓት የሚያመቻቹ ተቋማት እንዲመሠረቱ እንዲያበረታታ ይላል። ይህ ማለት አገር ውስጥ ልጅ መቀበል ለሚፈልግ ሰው መንገዱ አጭርና ግልጽ መሆን አለበት ማለት ነው።

ወደ ጀመርኩት ልመለስ፤ ሰው ልጅ እያሳደገ ፍርድ ቤት የማይሄደው ለምንድን ነው? «ወረቀት ምን ያደርጋል፣ ልጄ ነው» ይላል። ሌላው ልጁ እንዲያውቅ አይፈልግም፤ ነገሩን መደበቅ ለእሱ ፍቅር ይመስለዋል። ሦስተኛው የቢሮ ምልልሱ ያደክመዋል። ከዚያ አሳዳጊዋ ትሞታለች። ሰልስቱ ሳይወጣ የሟች ወንድሞች ያሳደገቻትን ልጅ «አንቺ ለእሷ ምኗ ነሽ?» ይሏታል። 20 ዓመት አብራ የኖረች፣ እናቷን አስታማ የቀበረች ልጅ ወራሽነቷን ለማስረዳት ምስክር ፍለጋ ጎረቤት ለጎረቤት ትዞራለች። በጸደቀ ጉዲፈቻ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያ ደረጃ ወራሽ ናት፣ ወንድሞቹ የሚከራከሩበት ነገር አይኖርም ነበር።

ልጅ እያሳደጋችሁ ከሆነ ዕድሜውን አስቡ። 18 ከሞላ በኋላ በፌዴራሉ ሕግ ጉዲፈቻ ማድረግ አይቻልም፤ የሚቀራችሁ ኑዛዜ ወይም ስጦታ ነው። ከዚያ በፊት ከሆነ መነሻው በወረዳው የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ የሚይዘው ጽሕፈት ቤት ነው። ወላጆቹ ካሉ ፈቃዳቸው ያስፈልጋል፤ ልጁ በማሳደጊያ ያለ ከሆነ ማሳደጊያው ይሰጣል። ፍርድ ቤቱ ሲያጸድቅም እዚያ አታቁሙ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ጉዲፈቻን ከልደትና ከጋብቻ ጋር እንዲመዘገብ አድርጓል፤ ስለዚህ ውሳኔውን ይዛችሁ ወደ ምዝገባ ጽሕፈት ቤቱ ሂዱና አስመዝግቡ፣ ምስክር ወረቀቱንም ተቀበሉ።