ሸንቃጣ አካል ሲያዘነብል፦ የአየር ፍሰት አነጣጠልና የጎን ኃይል

ሚሳኤል ወይም የተዋጊ ጄት አፍንጫ ንፋሱን ፊት ለፊት ሲገጥም አየሩ ገላውን ታኮ እስከ ጭራው ያልፋል። ጣጣው የሚመጣው አፍንጫው ቀና ሲል ነው። ያኔ አየሩ በቁመት መሄዱ ሳያንስ ገላውን ከታች ወደ ላይ ማቋረጥም ይጀምራል። የናሳ ቀዳሚ በሆነው በናካ ይሠሩ የነበሩት ጁሊያን አለንና ኤድዋርድ ፐርኪንስ እ.ኤ.አ. በ1951 ባወጡት ጥናት ይህን አቋራጭ ፍሰት ለብቻው ነጥለው፣ ክብ ምሰሶን እንደሚመታ ንፋስ ቆጥረው አሰሉት። ዘዴው ሻካራ ቢሆንም ለመጀመሪያ ግምት ዛሬም ያገለግላል።

ገላውን የሚነካው ስስ የአየር ሽፋን በሰበቃ ይዳከማል። ጎኑን ዞሮ ወደ ጀርባ ሲደርስ ግፊቱ እየጨመረ ስለሚሄድ፣ ዳገት እንደከበደው መንገደኛ አቅም ያንሰውና ከገላው ይላቀቃል። ተላቆ ግን አይበተንም፤ እየተጠቀለለ በጀርባው ግራና ቀኝ ጥንድ አዙሪት ይሠራል።

አፍንጫው ከንፋሱ አቅጣጫ ቀና ያለበት አንግል ጥቂት ዲግሪ ብቻ ሲሆን መነጠሉ እምብዛም አይታይም። ከፍ ሲል ሁለቱ አዙሪቶች እኩል ሆነው ይወጣሉ፤ ተጨማሪ ወደ ላይ የሚያነሳ ኃይል ስለሚሰጡ እንዲያውም ይጠቅማሉ። ወደ 60 ዲግሪና ከዚያ በላይ ደግሞ ከምሰሶ ጀርባ እንደሚታየው በየተራ እየተላቀቁ የሚሄዱ አዙሪቶች ይነግሣሉ።

የሚገርመው መካከለኛው ክልል ነው። አንግሉ የአፍንጫው ሹል ጫፍ ከሚሠራው አንግል ሲበልጥ አንዱ አዙሪት ከገላው ይርቃል፣ ሌላው ተጠግቶ ይቀራል። የቀረበው አዙሪት በእሱ ጎን ያለውን ግፊት ስለሚቀንስ ገላው ወደዚያ ይሳባል። ግራና ቀኙ ፍጹም እኩል የሆነ፣ ወደ ጎንም ያልዞረ አካል እንዲህ ይገፋል! ወደ የትኛው ጎን እንደሚሳብ የሚወስነው ደግሞ ብዙ ጊዜ በአፍንጫው ጫፍ ላይ ያለ፣ በዓይን የማይታይ ጉድለት ነው። በንፋስ መሞከሪያ ዋሻ ውስጥ ጫፉን ብቻ በራሱ ዙሪያ ቢያዞሩት ኃይሉ ከግራ ወደ ቀኝ ሊገለበጥ ይችላል።

ለአብራሪው ክፉ አጋጣሚ ነው፤ የጎን ኃይሉ በሚበረታበት አንግል የጭራው መሪ በገላው ጥላ ስር ወድቆ ጉልበቱ ይከዳዋል። ኤክስ-31 በተባለው የሙከራ አውሮፕላን ላይ ይኸው ችግር ሲገጥም መፍትሔው የአፍንጫውን ጫፍ ማዶልዶምና በጎንና ጎኑ ትናንሽ ጠርዞች መግጠም ሆነ።

ናሳ ከ1987 እስከ 1996 ለዚሁ ጥናት ባበረረው ኤፍ-18 ተዋጊ ጄት ላይ ፍሰቱን በዓይን ለማየት ከአፍንጫው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቀይ ቀለም ያዘለ ፈሳሽ ይለቀቅ ነበር። ፈሳሹ በበረራ ላይ ተንኖ ሲያልቅ ቀለሙ ገላው ላይ ይደርቃል፤ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ቀያዮቹ መስመሮች የሚገጣጠሙበት ቦታ አየሩ የተላቀቀበትን ያሳያል። በመጨረሻው ምዕራፍ አፍንጫው ላይ ተከፋች ጠርዞች ተገጠሙለት። አብራሪው አንዱን ከፍቶ አዙሪቶቹን ወደፈለገው ጎን በማዛባት፣ ያንኑ አስቸጋሪ የጎን ኃይል አውሮፕላኑን ለማዞር ተጠቀመበት።