«መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይውጣ» ምንድን ነው? የአሜሪካ መምህራን ቅነሳ ክርክር

በጀት ሲያጥር የትምህርት ዲስትሪክቶች (የየአካባቢውን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድሩት አካላት) መምህራን ይቀንሳሉ። ከዚያ ከባዱ ጥያቄ ይመጣል፦ ማን ይሂድ? በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ የሠራው መልስ አጭር ነው። መጨረሻ የተቀጠረው መጀመሪያ ይወጣል። አሜሪካውያን በእንግሊዝኛው ምኅጻር «ላይፎ» ይሉታል። መምህራኑ በቅጥር ቀናቸው ይደረደራሉ፣ ቅነሳውም ከታች ይጀምራል። ማን ጎበዝ ነው፣ ማን ልጆቹ ይወዱታል የሚለው ጉዳይ እዚህ ቦታ የለውም።

ክርክሩ ብዙ ጊዜ «ልምድ ወይስ ችሎታ» ተብሎ ይቀርባል። ይህ አንዱ ገጽታው ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ቅነሳው የሚያርፍበት ቦታ ነው። አንድ ከተማ ውስጥ ያሉ ትምህርት ቤቶች ይህን ዱላ እኩል አይቀምሱትም።

አሠራሩን ትንሽ ጠጋ ብለን እንየው። ዝርዝሩ የሚሠራው በትምህርት ዓይነትና በማስተማር ፈቃድ ነው፤ የሒሳብ መምህር ከሙዚቃ መምህር ጋር አይወዳደርም። በሌላ በኩል ዝርዝሩ ለዲስትሪክቱ በሙሉ አንድ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የሥራ መደብ ቢዘጋ፣ መደቡ ላይ የነበረው ነባር መምህር ከሥራ አይወጣም። ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሮ የአዲሱን መምህር ቦታ ይወስዳል። ስለዚህ ምንም መደብ ያልተዘጋበት ትምህርት ቤት ውስጥ የምታስተምር ወጣት መምህርት፣ ከተማው ሌላ ጫፍ ላይ በተወሰነ ውሳኔ ሥራዋን ታጣለች።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ የጊዜ ችግር አለ። በሕጉ መሠረት የመጀመሪያው የቅነሳ ማስታወቂያ እስከ ማርች 15 መድረስ አለበት። የግዛቱ በጀት የሚጸድቀው ግን በጁን ነው። ገንዘቡ ስንት እንደሚሆን ሳይታወቅ ደብዳቤ ስለሚላክ፣ ዲስትሪክቶች ለጥንቃቄ ብለው ከሚያስፈልገው በላይ ይልካሉ። በኋላ ብዙዎቹ ይሰረዛሉ። ግን ያቺ ደብዳቤ የደረሰችው መምህር ሌላ ሥራ ብትፈልግ ማን ይፈርድባታል?

የላይፎ ደንብ ያለ ምክንያት አልመጣም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አንድ አሜሪካዊ መምህር ሥራው የሚቆየው አለቃው እስከወደደው ድረስ ብቻ ነበር። በፖለቲካ ወገን ይባረራሉ። ዘመድ ለመቅጠር ቦታ ሲፈለግ ይባረራሉ። ሴቶች ደግሞ ስላገቡ ብቻ ሥራቸውን የሚያጡባቸው ብዙ ቦታዎች ነበሩ። ኒው ጀርሲ በ1909 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መምህራን ያለ በቂ ምክንያት እንዳይባረሩ የሚጠብቀውን የመጀመሪያውን የቋሚነት ሕግ አወጣች። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ደግሞ የመምህራን ማኅበራት የኅብረት ስምምነት መደራደር ሲጀምሩ የአገልግሎት ዘመን ቅደም ተከተል በየውሉ ገባ። የቅጥር ቀን አይዋሽም፣ አያዳላም፣ ቂም አይዝም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የደሞዙም ነገር አለ። እዚህ ላይ ማኅበራቱ የሚያነሱት መከራከሪያ በጣም ጠንካራ ይመስለኛል። የመምህር ደሞዝ የሚያድገው በአገልግሎት ዓመትና በትምህርት ደረጃ ነው። ሃያ ዓመት ያስተማረ ሰው ከጀማሪው በጣም ይወደዳል። ታዲያ ገንዘብ ያጠረው ኃላፊ ልቅ ቢለቀቅ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ማን ላይ ነው? ደንቡ ነባሩን መምህር «ውድ ሆንክብን» ተብሎ ከመባረር ይጠብቀዋል።

ይኸው ሒሳብ ግን በሌላ በኩልም ይቆርጣል። አንድ ዲስትሪክት 6 ሚሊዮን ዶላር መቆጠብ አለበት እንበል። በዓመት 50 ሺህ ዶላር የሚከፈላቸውን ጀማሪዎች ከቀነሰ 120 ሰው ያስወጣል። ነባሩም አዲሱም ተቀላቅሎ አማካይ ደሞዙ 75 ሺህ ቢሆን 80 ሰው ይበቃል። ልዩነቱ 40 መምህር ነው። ጀማሪ ብቻ ሲቀነስ ብዙ ሰው ይወጣል፣ ብዙ ክፍል ይጨናነቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ነባር መምህራን ዓመታት ሲቆጠሩ ሥራው ወደሚቀልባቸው ትምህርት ቤቶች ይዛወራሉ። ድሃ ሰፈር ያሉት ትምህርት ቤቶች ቦታቸውን በጀማሪ ይሞላሉ። ጀማሪው ሲለምድ ይሄዳል፣ ሌላ ጀማሪ ይመጣል። በደኅናው ጊዜ ይህ ብዙም አይታይም። ቅነሳ ሲመጣ ግን ዝርዝሩ ከታች ሲቆረጥ የሚቆረጠው የእነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ነው።

ሎስ አንጀለስ ውስጥ በ2009 የሆነው ይኸው ነው። ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ዲስትሪክቱ መምህራን ሲቀንስ፣ ጎምፐርስ፣ ሊክቲ እና ማርክም የተባሉ ሦስት መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከሁሉ የባሰ ተመቱ። ከመምህራኖቻቸው ግማሽ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ የሆኑት የቅነሳ ማስታወቂያ ደረሳቸው። ክፍሎቹን ተራ በተራ የሚመጡ ተተኪ መምህራን ያዟቸው። በሌሎች ሰፈሮች ያሉ ትምህርት ቤቶች ግን ጥቂት መምህር አጥተው አለፉት። በ2010 ተማሪዎቹ በሲቪል መብት ጠበቆች እየታገዙ ከሰሱ። በ2011 መጀመሪያ እስከ 45 ትምህርት ቤቶችን ከእንዲህ ዓይነቱ ቅነሳ የሚጠብቅ ስምምነት በፍርድ ቤት ጸደቀ። የመምህራኑ ማኅበር ይግባኝ ጠየቀ፤ ያለ ሙሉ ችሎት የአባላቱ መብት ተነክቷል ተብሎ በ2012 ስምምነቱ ተሻረ። በ2014 ደግሞ ሁሉም የተስማሙበት ሌላ መፍትሔ መጣ፦ 37 ትምህርት ቤቶች ተጨማሪ ሠራተኛና ድጋፍ እንዲያገኙ፣ መምህራኑ እዚያው እንዲቆዩ።

ከዚህ ይልቅ ስሙ የገነነው የቬርጋራ ክስ ነው። በ2012 ዘጠኝ ተማሪዎች የካሊፎርኒያን የቋሚነትና የቅነሳ ሕጎች ከሰሱ። በ2014 ዳኛ ሮልፍ ትሩ ሕጎቹ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳሉ ብለው ሻሯቸው። በአገሩ ሁሉ ጩኸት ሆነ። በ2016 ግን የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ቀለበሰው፤ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ጉዳዩን አላይም አለ። የይግባኙ ምክንያት ልብ ሊባል ይገባል። ደካማ መምህር የትኛው ትምህርት ቤት ይመደብ ብሎ ሕጉ አልወሰነም፤ ያንን የሚወስኑት አስተዳዳሪዎች ናቸው አለ። እኔ ይህን አንብቤ ሕጉ ነጻ ወጣ ብዬ አላልፍም። ምደባውና የቅነሳ ዝርዝሩ ተባብረው ነው ጉዳቱን የሚያደርሱት። አንዱን ብቻ ነክቶ ሌላውን መተው አይሠራም።

«ታዲያ በችሎታ ለምን አይቀነስም?» ለሚለው፣ የሞከሩ ግዛቶች አሉ። ኮሎራዶ በ2010፣ ፍሎሪዳና ሚሺጋን በ2011 የአገልግሎት ዘመን ብቻውን ወይም በዋናነት እንዳይወስን የሚያደርጉ ሕጎች አወጡ። በኒው ዮርክ ከንቲባ ብሉምበርግ በ2011 ብዙ ተሟግተውለት አልተሳካላቸውም። በኒው ዮርክና በዋሽንግተን ግዛት መረጃ ላይ የተሠሩ ጥናቶችም በሁለቱ መንገዶች የሚወጡት ሰዎች በአብዛኛው የተለያዩ እንደሆኑ አሳይተዋል። ደንቡ ጥሩ መምህራንን እንደሚያስወጣ ጥርጥር የለውም።

ችግሩ መለኪያው ነው። በፈተና ውጤት የሚለካው ሒሳብና ንባብ፣ ያውም በተወሰኑ ክፍሎች ብቻ ነው። የሥነ ጥበብ መምህሩ በምን ይለካ? የአሜሪካ የስታትስቲክስ ማኅበር በ2014 ባወጣው መግለጫ፣ አብዛኞቹ ጥናቶች በተማሪዎች ውጤት ልዩነት ውስጥ የመምህራንን ድርሻ ከ1 እስከ 14 በመቶ ብቻ እንደሚያደርጉት ገልጿል። የአንድ መምህር ነጥብም ከዓመት ዓመት ይዋዥቃል። በዚህ ላይ ብቻ ተመሥርቶ የሰው እንጀራ መቁረጥ አይገባም። የርዕሰ መምህሩ ግምገማ ሲጨመርበት ደግሞ ያው የ1909ኙ ፍርሃት ይመለሳል፦ አለቃው ቢጠላኝስ?

የዘር ጉዳይም ከዚህ አይለይም። ጥቁርና ላቲኖ መምህራን በብዛት የተቀጠሩት በቅርብ ጊዜ በሆነባቸው ከተሞች መጀመሪያ የሚወጡት እነሱ ናቸው። የጃክሰን፣ ሚሺጋን ዲስትሪክት ይህን በውሉ ሊከላከል ቢሞክርም በ1986 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 4 ሻረው። ሚኒያፖሊስ በ2022 ከመምህራን አድማ በኋላ ተመሳሳይ አንቀጽ በውል አስገባች፤ እሱም ወዲያው ፍርድ ቤት ደረሰ።

ጉዳዩ ያረጀ ሊመስል ይችላል፤ አላረጀም። በወረርሽኙ ጊዜ የፌዴራል መንግሥት ለትምህርት ቤቶች የሰጠው 190 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። የመጨረሻው ክፍል ሥራ ላይ የሚውልበት ቀነ ገደብ በሴፕቴምበር 2024 አለፈ። በብዙ ከተሞች የተማሪ ቁጥርም ቀንሷል። በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩት አዲሶቹ ናቸው፤ ዝርዝሩ ላይ ታች ያሉትም እነሱ ናቸው።

በእኔ አስተያየት የቅጥር ቀንን ጨርሶ መጣል አያስፈልግም። ከአድልዎ የሚጠብቅ ሌላ አስተማማኝ ነገር እስካሁን አልተገኘም። የሚያስፈልገው ጣሪያ ነው፦ ከአንድ ትምህርት ቤት ከዲስትሪክቱ አማካይ በጣም የበለጠ መምህር እንዳይወጣ። የካሊፎርኒያ ሕግ ራሱ ለዚህ በር አለው። ዲስትሪክቱ ልዩ ሥልጠና ያለውን መምህር ለማቆየት፣ ወይም የተማሪዎችን በእኩል የመታየት ሕገ መንግሥታዊ መብት ለማክበር ሲል ከቅደም ተከተሉ መውጣት ይችላል። የዲስትሪክቱ የትምህርት ቦርድ ቅነሳውን ከማጽደቁ በፊት ወላጆች አንድ ሰነድ ቢጠይቁ ይበቃል፦ የመምህራኑን ስም ሳይሆን፣ ከየትኛው ትምህርት ቤት ስንት መምህር እንደሚወጣ የሚያሳየውን።