ወደ ፉጂ ተራራ በኮንትራት መኪና፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለስብሰባ፣ ለንግድ ወይም ለትምህርት ቶኪዮ የሄደ ሰው አንድ ባዶ ቀን ካገኘ ፉጂን ማየት ይፈልጋል። ተራራው ከከተማዋ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ለቤተሰብ ወይም ለአራት አምስት ጓደኛሞች መኪና ከነሹፌሩ ለቀኑ መያዝ ይመቻል። ክፍያው ግን ቀላል አይደለም፤ ገንዘቡም አብዛኛውን ጊዜ የሚባክነው ከታች ባሉት እምነቶች የተነሳ ነው። የምንጠቅሰው ሰዓት በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ነው። ስታስይዙ ግን 6:30 ተብሎ የተጻፈው የእኛው 12:30 መሆኑን አትርሱ፤ በዚህ ብቻ መኪናው ሆቴል ደጃፍ ጠብቆ የሚሄድባቸው አሉ።

«ያን የሚያህል ተራራ የት ይጠፋል?»

ይጠፋል። ቁመቱ 3,776 ሜትር ነው፤ ያም ሆኖ ሙሉ ቀን እግሩ ሥር ውሎ ሳያዩት መመለስ የተለመደ ነገር ነው። ከውቅያኖሱ የሚመጣው እርጥብ አየር በተራራው ጎን ሽቅብ ሲወጣ ቀዝቅዞ ደመና ይሆናል። ፀሐይ መሬቱን እያሞቀች በሄደች ቁጥር ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ማለዳ ጥርት ብሎ የታየው ተራራ ረፋዱ ላይ ተሸፍኖ ሊገኝ ይችላል። ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ከሁሉ የተሻለው ጊዜ ያ ነው። የባሰው ደግሞ ከጁን እስከ ኦገስት ያለው፣ ማለትም የእኛ ክረምት ነው። ልጆች ትምህርት የሚዘጉትና ብዙ ሰው የሚጓዘው በዚያው ወቅት መሆኑ ነው ችግሩ።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ተራራውን ማየት፣ ምሳና ገበያውን ለኋላ ማቆየት። ከሆቴል መነሻው 3 ሰዓት ሳይሆን 12 ሰዓት ይሁን። የመጀመሪያው ማረፊያ ፉጂዮሺዳ ከተማ ያለው የአራኩራያማ ሴንገን መናፈሻ ነው። ባለ አምስት ደርቡ ቹሬይቶ ፓጎዳ ከፊት፣ ፉጂ ከኋላ ሆነው የሚታዩበት ዝነኛ ፎቶ የሚነሳው እዚያ ነው። 398 ደረጃ መውጣት ስላለ ጉልበት የሚያማቸው አዛውንት ካሉ አስቀድማችሁ አስቡበት። ከዚያ በካዋጉቺ ሐይቅ ሰሜን ዳርቻ ወዳለው ኦይሺ መናፈሻ ይኬዳል። የኦሺኖ ሃካይ ስምንት ምንጮች ደመና ቢኖርም ስለሚታዩ ከምሳ በኋላ ይደርሳሉ።

በሐይቆቹ ዙሪያ ተራራውን በቀጥታ የሚያሳዩ ካሜራዎች በኢንተርኔት ላይ አሉ። ከመነሳታችሁ በፊት ተመልከቷቸው። ስታስይዙም የማረፊያዎቹ ቅደም ተከተል በዕለቱ ሊቀየር እንደሚችል በጽሑፍ አስፍሩ። ከአስጎብኚ አውቶቡስ ይልቅ መኪና የሚያዘው ለዚህ ነው፤ ይህን መብት ሳይጠቀሙበት የሚመለሱት ግን ብዙ ናቸው።

«ፉጂ ሁልጊዜ በረዶ ለብሶ ነው»

ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ቡናማ ገላጣ ተራራ ነው። የመጀመሪያው በረዶ በአማካይ የሚታየው ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ነው። በ2024 ግን እስከ ኖቬምበር 7 ዘግይቷል፤ መመዝገብ ከተጀመረበት ከ1894 ወዲህ ይህን ያህል ዘግይቶ አያውቅም።

«መኪናው እስከ ጫፍ ያደርሰናል»

በካዋጉቺ በኩል መኪና የሚደርሰው 2,305 ሜትር ላይ እስካለው «አምስተኛው ጣቢያ» ነው። ከዚያ በላይ በእግር ነው፤ ለመውጣት ከ5 እስከ 6 ሰዓት፣ ለመውረድ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይፈጃል። የመውጫው ወቅት ከጁላይ መጀመሪያ እስከ ሴፕቴምበር 10 አካባቢ ብቻ ነው። ከ2025 ጀምሮ መውጫ 4,000 የን ይከፈላል፤ ከዚሁ ጣቢያ በሚነሳው የዮሺዳ መንገድ ደግሞ በተራራው ላይ ማደሪያ ያልያዘ ሰው ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት አያልፍም። ሹፌር አስጠብቆ ጫፍ ወጥቶ መመለስ የማይታሰብ ነው።

ሌላም የማይነገር ነገር አለ። አምስተኛው ጣቢያ ላይ ያ የምታውቁት የፉጂ ቅርጽ አይታይም፤ ተራራው ላይ ቆማችኋላ! ቀኑ ጥርት ካላለ እዚያ መውጣቱን ብትተዉት ይሻላል። በበረዶ ወራትም መንገዱ ሊዘጋ ይችላል።

«ከፍታው ያሳምማል»

ከባሕር ጠለል አጠገብ ለሚኖረው የቶኪዮ ሰው ስጋቱ ትክክል ነው። አዲስ አበባ ግን ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እንጦጦ የወጣ ሰው አምስተኛውን ጣቢያ አልፎ ሄዷል። ስለዚህ ከሸገር በቅርብ ለመጣ ሰው አየሩ አያስጨንቅም። የሚያስጨንቀው ብርዱ ነው። ሙቀቱ ከቶኪዮ ከ10 ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ በኦገስትም ቢሆን ጃኬት ያዙ።

«ፉጂ፣ ሃኮኔና የጎተምባ የቅናሽ ገበያ በአንድ ቀን ይሞላሉ»

እስቲ እናስላው። የተለመደው ውል የ10 ሰዓት ነው። መሄጃው 2 ሰዓት፣ መመለሻው ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይወስዳል። ከቀረው ላይ ፓጎዳው 1 ሰዓት፣ ሐይቁ 40 ደቂቃ፣ ምሳ 1 ሰዓት፣ አምስተኛው ጣቢያ ደርሶ መልስ ከ2 ሰዓት በላይ። ቀኑ አለቀ። ከካዋጉቺ የፍልውኃ አካባቢ ወደሆነው ሃኮኔ መሻገር ብቻ ከ1 ሰዓት በላይ ስለሚወስድ ሃኮኔን ከፈለጋችሁ አምስተኛውን ጣቢያ ሰርዙ። ሃኮኔ የሚጠቅመው ተራራው በተሸፈነ ቀን ነው፤ የኦዋኩዳኒ የድኝ ጭስ፣ በፍልውኃው ተቀቅሎ ቅርፊቱ የሚጠቁረው እንቁላልና የአሺ ሐይቅ ጀልባ ጥርት ያለ ሰማይ አይጠይቁም። ሰዓቱ ሲያልፍ ተጨማሪ ይከፈላል። አንዳንድ ድርጅቶች ደግሞ የሚቆጥሩት ከሆቴላችሁ ሳይሆን መኪናው ከጋራዡ ከወጣበት ጀምሮ ነው፤ ጠይቁ። የፈጣን መንገድ ክፍያና የማቆሚያ ሒሳብ በዋጋው ውስጥ መግባታቸውንም እንዲሁ።

«መኪና ከባቡር ይፈጥናል»

ማለዳ ላይ እውነት ሊሆን ይችላል። እሑድ ከሰዓት ግን አይደለም። ወደ ቶኪዮ የሚመልሰው የቹኦ ፈጣን መንገድ ኮቦቶኬ ዋሻ አካባቢ ሲደርስ መንገዱ ቀስ ብሎ ዳገት ይሆናል፣ ሹፌሮች ሳያውቁት ፍጥነት ይቀንሳሉ፣ ከኋላ ያለው ሁሉ ይቆማል። ከካዋጉቺ በቶኪዮ ወዳለው ሺንጁኩ ጣቢያ የሚሄደው ፈጣን ባቡር 2 ሰዓት ሳይሞላ ያደርሳል። የሥራ ቀን ምረጡ፤ እሑድ የግድ ከሆነ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ተነሱ።

«ታርጋው ምን አገባን?»

ያገባችኋል። ጃፓን ውስጥ ሰው ጭኖ ገንዘብ ለመቀበል ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃድ ያለው መኪና ታርጋ አረንጓዴ ሆኖ በነጭ የተጻፈ ነው። በነጭ ታርጋ በርካሽ የሚወስዷችሁ ሰዎች ሥራ ሕገ ወጥ ነው፤ «ሺሮታኩ»፣ ነጭ ታክሲ፣ ይባላሉ። አደጋ ቢደርስ ከኢንሹራንሱ ካሳ ማግኘት አስቸጋሪ ይሆናል። በጁላይና ኦገስቱ የመውጫ ወቅት ደግሞ ወደ አምስተኛው ጣቢያ የሚወስደው መንገድ ለግል መኪና ይዘጋል፤ አረንጓዴው ሲያልፍ ነጩ ከታች ይመለሳል።

«ጠጋ ጠጋ ብለን እንሄዳለን»

ትርፍ መጫን የለም። ቶዮታ አልፋርድ በወረቀት 6 መንገደኛ ይይዛል፤ ከነሻንጣ የሚመቸው ግን ለ4 ነው። ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ሃይስ ያዙ፣ የእኛው አባዱላ ዘመድ ነው፤ ባለ 10 ወንበሩ 9 ሰው ይወስዳል። ሕጉ ታክሲንና መሰሎቹን የሕፃን መቀመጫ ስለማያስገድድ ቀድማችሁ ካላዘዛችሁ አይኖርም።

«ሹፌሩ ያስጎበኘናል»

ሥራው መንዳት፣ ማቆምና መኪናው ዘንድ መጠበቅ ነው። እንግሊዝኛውም ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው። አስጎብኚ ከፈለጋችሁ ለብቻው ይከፈላል፣ አንድ ወንበርም ይይዛል። ፎቶ ለማንሳት ያገኘው ቦታ እንዲያቆምም አትጠብቁ። ፉጂካዋጉቺኮ ከተማ ውስጥ ከአንድ ሎውሰን ሱቅ ጀርባ ተራራው የሚታይበት ቦታ በቱሪስት ብዛት ስለተጨናነቀ በሜይ 2024 በጥቁር መጋረጃ እስከ መጋረድ ተደርሶ ነበር።

«አትክልት ካዘዝን ጾም ነው»

የአካባቢው ምግብ ሆቶ ይባላል፤ ሰፋፊ የሊጥ ቁራጭ ከዱባና ከአትክልት ጋር በሚሶ፣ ማለትም በተብላላ የአኩሪ አተር ልቁጥ፣ የተሠራ። ሲያዩት የጾም ነው፤ መረቁ ግን ብዙ ጊዜ ከደረቀ ትንንሽ ዓሣ የወጣ ነው። በሊጥ ተነክሮ በዘይት የሚጠበሰው የቴምፑራ አትክልትም ሊጡ ውስጥ ብዙ ጊዜ እንቁላል ይገባል። ዓሣ የማይነኩ ጿሚዎች ስንቅ ቢይዙ ይሻላቸዋል። ካዋጉቺ ያለበት የያማናሺ አውራጃ በጃፓን ወይንና ኮክ በማምረት ቀዳሚ ስለሆነ በወቅቱ ከመንገድ ዳር ጥሩ ፍራፍሬ ይገኛል።

«ሹፌሩን በጉርሻ ማሰናበት ይገባል»

አይጠበቅም፤ ገንዘብ ብትዘረጉለት ሊያፍርና ሊመልስላችሁ ይችላል። ከቤት የመጣ የታሸገ ቡና ካላችሁ ግን በሁለት እጁ ጎንበስ ብሎ ይቀበላችኋል።