በለስ የሚበስለው ከቅርንጫፉ ላይ ነው፦ ስለ ጓሮ በለስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሜሪላንድ ከምኖርበት ቤት ኋላ፣ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ከሚያገኘው ግድግዳ ጥግ፣ አንድ የበለስ ዛፍ አለ። በነሐሴ መጨረሻ ፍሬው መድረስ ሲጀምር ለመቅመስ የሚመጡ ወዳጆችና ዘመዶች ስለ ዛፉ ብዙ ነገር ይነግሩኛል፤ አብዛኛው በቅን ልብ የተነገረ ቢሆንም ልክ ያልሆነ ነው። እነዚህ ስህተቶች ጉዳት ያስከትላሉ፤ በእነርሱ ምክንያት ጤነኛ ዛፍ ሲቆረጥ፣ ጥሬ ፍሬ ሲለቀም፣ የሰው እጅ ሲቃጠል አይቻለሁ። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ አነሳለሁ።

«በለስ ያ እሾሃሙ የቁልቋል ፍሬ አይደለም እንዴ?»

ስሙ አንድ ቢሆንም ተክሉ ሁለት ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ በክረምት በየመንገዱ ዳር እየተላጠ የሚሸጠው በለስ የቁልቋል ፍሬ ሲሆን የመጣውም ከሜክሲኮ ነው፤ ጣሊያኖች «የህንድ በለስ» ይሉታል። አዳምና ሔዋን ቅጠሉን ሰፍተው ያገለደሙት፣ ናትናኤልም ከሥሩ ሳለ የታየው በለስ ግን ቅጠሉ እንደ መዳፍ የተከፋፈለ፣ ብርድ ሲመጣ ቅጠሉን የሚያራግፍ እውነተኛ ዛፍ ነው። የቅርብ ዘመዶቹም ሾላና ዋርካ ናቸው። በልጅነቱ ሾላ ለቅሞ የበላ ሰው በለስን ከፍቶ ውስጡን ሲያይ ዝምድናው ወዲያው ይገባዋል።

«በለስ ሳያብብ የሚያፈራ ዛፍ ነው»

ያብባል፤ አበባው ግን ከውጭ አይታይም። ፍሬ ብለን የምንጠራው ነገር በእርግጥ ወደ ውስጥ የተገለበጠ ከረጢት ሲሆን፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን አበቦች በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ተደርድረው ይገኛሉ። ገና ያልበሰለውን በቢላ ለሁለት ብንሰነጥቀው አበቦቹን እንደ ነጭ ክር ተሰድረው እናያቸዋለን። በፍሬው ግርጌ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ፣ ማለትም «ዓይኑ»፣ ወደዚያ የአበባ ክፍል የምታስገባ ብቸኛ በር ናት።

«በእያንዳንዱ በለስ ውስጥ የሞተ ተርብ አለ»

ይህ እኛ ዘንድ ከጾም ጋር ስለሚያያዝ ሰፋ አድርጎ ማብራራት ይገባል። አንዲት የማከብራቸው እናት፣ ዓርብ ቀን ያቀረብኩላቸውን በለስ እንደያዙ «ተርብ አለበት ይባላል፤ ጾሙን አይፈታም ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄያቸው መሠረት አልባ አይደለም። ወንዴ በሚባለው የበለስ ዓይነት ውስጥ የምትራባ፣ ቁመቷ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ተርብ አለች፤ ሴቷ የአበባ ብናኝ ተሸክማ ከዚያ ትወጣና በዓይኑ በኩል ወደ ሌላ በለስ ትገባለች፤ በሩ ጠባብ ስለሆነም ክንፏ እዚያው ይቀራል። የሰምርኔስ፣ ማለትም የዛሬዋ የኢዝሚር፣ በለስ ያለዚህች ተርብ አያፈራም። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የዚህ ዓይነት ዛፍ ወደ ካሊፎርኒያ ተወስዶ ሲተከል ዛፉ እያደገ ፍሬው ግን ሳይበስል እየረገፈ ገበሬውን አስቸግሮ ነበር፤ ችግሩ የተፈታው ተርቧ በ1899 እዚያ መራባት ከጀመረች በኋላ ነው። እንዲህ ባለው በለስ ውስጥ እንኳ የገባችውን ተርብ ፊሲን የሚባለው የፍሬው ኢንዛይም ይሰባብራታል፤ ጥርስ ሥር ቀጭ ቀጭ የሚለውም ዘሩ እንጂ ተርብ አይደለም።

በየጓሮው የሚተከሉት እነ ብራውን ቱርኪ፣ ሴለስትና ቺካጎ ሃርዲ ግን ያለ ርክበ ብናኝ የሚያፈሩ ዓይነቶች ናቸው፤ ተርቧም በእኛ አካባቢ ጨርሶ የለችም። ይህ ያለ ብናኝ የማፍራት ጠባይ የትናንት ግኝት አይደለም። ከኢያሪኮ በስተሰሜን ጊልጋል በተባለ ስፍራ ዕድሜያቸው 11,400 ዓመት ገደማ የሆነ የከሰሉ በለሶች ተገኝተው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ጥናቱን ያወጡት ተመራማሪዎች ፍሬዎቹ የዚሁ ዓይነት እንደሆኑና ዛፉንም ሰው ቅርንጫፍ እየቆረጠ ይተክለው እንደነበር ደምድመዋል። እኒያ እናት ይህን ከሰሙ በኋላ በለሳቸውን በሉ።

ዛፉን ከዘር ለማብቀል ለሚያስቡም መልሱ እዚሁ ላይ ነው። የእኛዎቹ ዓይነቶች ያለ ብናኝ ስለሚያፈሩ ዘራቸው ባዶ ነው፤ ብናኝ ካገኘ ፍሬ የተወሰደ ዘር ቢበቅልም እናቱን አይመስልም፣ ግማሽ ያህሉም ወንዴ ይሆናል። በብርዱ ወራት ሦስት ወይም አራት አንጓ ያለው አንድ ስንዝር ያህል ቅርንጫፍ ቆርጦ መትከል ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ በሁለትና በሦስት ዓመት ፍሬ ይሰጣል።

«ቀድሞ ለቅሞ እንደ ሙዝ ቤት ውስጥ ማብሰል ይቻላል»

ከስህተቶቹ ሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የተጠበቀ ፍሬ በአንድ ቀን ችኮላ ይባክናልና። ሙዝ በውስጡ ያከማቸውን ስታርች ከተቆረጠም በኋላ ወደ ስኳር ይለውጣል፤ በለስ ግን እንዲህ ያለ ስንቅ የለውም። ጣፋጭነቱ ከቅጠሉ በመጨረሻዎቹ ጥቂት ቀናት የሚገባ ስለሆነ፣ ቀድሞ የተለቀመ በለስ ይለሰልስ እንደሆነ እንጂ አይጣፍጥም። ከገበያ ገዝቶ ቀምሶ «ይህ ነው እንዴ በለስ?» ያለ ሰው ምናልባት የቀመሰው ለጉዞ እንዲመች ቀድሞ የተለቀመውን ነው።

የደረሰው ራሱ ይናገራል። ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ተገትሮ የነበረው ፍሬ አንገቱ ይላላና ወደ መሬት ያጎነብሳል፤ ሲነኩት እንደ ጆሮ ጫፍ ይለሰልሳል፤ ቆዳው በቀጫጭኑ ይተረተራል፤ አንዳንዴም ከዓይኑ ላይ ማር የመሰለች ጠብታ ትንጠለጠላለች። ሲለቅሙት ከአንገቱ ነጭ ወተት በብዛት ከፈሰሰ ገና ነበር ማለት ነው። ቀለሙ ብቻውን አያስተማምንም፤ በስሎም አረንጓዴ ሆኖ የሚቀር ዓይነት አለና። ማለዳ የተለቀመ የደረሰ በለስ በጣት ሲከፈት ውስጡ ቀይ ዳማ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ መጀመሪያ የቅጠሉ ሽታ ይመጣል፣ ቀጥሎ ማር ማር ይላል፣ መጨረሻ ላይ የዘሩ ቀጭታ ይቀራል። ቆዳውም ይበላል፤ መላጥ አያስፈልግም።

«ፍሬው ማደጉን ስላቆመ ዛፉ ታሟል»

አልታመመም። የበለስ ፍሬ የሚያድገው በሦስት እርከን ነው፦ መጀመሪያ ፈጥኖ ያድጋል፣ ከዚያ ለሳምንታት ምንም ለውጥ ሳያሳይ ይቆያል፣ በመጨረሻ በጥቂት ቀናት ውስጥ እጥፍ ሆኖ ይበስላል። በመካከለኛው እርከን ተስፋ ቆርጠው ማዳበሪያ የሚደፉ ሰዎች አሉ፤ በማዳበሪያው ያለው ናይትሮጅን ሲበዛ ደግሞ ቅጠል እንጂ ፍሬ አይበረክትም። የጥንት ሰዎች ይህን መዘግየት ለማሳጠር የፍሬውን ዓይን የወይራ ዘይት ይቀቡ ነበር፤ ሾላንም በግብፅ በስለት ጫር እያደረጉ ያበስሉት ነበር። ሁለቱም የሚሠሩት ፍሬው ኤትሊን የተባለውን የማብሰያ ጋዝ እንዲያወጣ በማድረግ ነው። እኔ ግን መጠበቁን እመርጣለሁ።

«የበረሃ ዛፍ ስለሆነ ውሃ አይፈልግም»

ዛፉ ድርቅን ይችላል፤ ፍሬው ግን አይችልም። አፈሩ ጨርሶ ሲደርቅ ፍሬው ይረግፋል፤ ከረጅም ድርቅ በኋላ በአንድ ጊዜ ብዙ ውሃ ሲያገኝ ደግሞ ይሰነጠቅና ይኮመጥጣል። የሚበጀው መጠኑ የማይዋዥቅ ውሃና ከግንዱ ዙሪያ የተነጠፈ ደረቅ ሣር ነው።

«ብርዱ ገድሎታል፤ ይቆረጥ»

በጸደይ መጀመሪያ ቅርንጫፉ ግራጫ ሆኖ ሲታይ ብዙዎች መጋዝ ያነሳሉ። ከዚያ በፊት የቅርንጫፉን ልጥ በጥፍር ጫር አድርጎ ማየት ይበቃል፤ ከሥሩ አረንጓዴ ከሆነ ሕያው ነው። ላይኛው ክፍል በሙሉ ቢደርቅ እንኳ እስከ ግንቦት መጨረሻ ልንታገሠው ይገባል፤ ከሥሩ አዲስ ቀንበጥ ያወጣልና። ዋናው ምርት በዚያው ዓመት ቀንበጥ ላይ ስለሚይዝ፣ እንደ ቺካጎ ሃርዲ ያሉት በብርድ እስከ መሬት ደርቀው እንኳ በዚያው ዓመት ያፈራሉ። የሚታጣው በሙቀቱ ወራት መጀመሪያ የሚደርሰው የፊተኛው ምርት ነው፤ እርሱ የሚይዘው ባለፈው ዓመት እንጨት ላይ ነው። ቅርንጫፉን በብርዱ ወራት አብዝቶ የሚገርዝ ሰውም ይህንኑ የፊተኛ ምርት በገዛ እጁ ይጥላል።

«ወተቱ ለቆዳ መድኃኒት ነው»

ለኪንታሮት የሚቀቡት ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። የቅጠሉና የቅርንጫፉ ፈሳሽ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳን የሚያቃጥል ንጥረ ነገር አለው፤ ቁስሉ ወዲያው ሳይሆን ከአንድ ወይም ሁለት ቀን በኋላ ውሃ ቋጥሮ ይወጣል፣ ጠባሳውም ለወራት ይቆያል። ስንገርዝ ጓንትና እጅጌው ረጅም ልብስ መልበስ፣ ፈሳሹ ከነካንም በሳሙናና በውሃ ታጥበን ከፀሐይ መራቅ ያስፈልጋል። ልጆች ከዛፉ ሥር በቅጠሉ ሲጫወቱም ልናያቸው ይገባል።

የተለቀመው በለስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከሁለትና ከሦስት ቀን በላይ አይቆይም። እርስ በርሱ ሳይደራረብ በሰፊ ሳህን ላይ ይቀመጥ፤ ብርዱ ሽታውን ስለሚያፍነው ከመበላቱ አንድ ሰዓት ያህል ቀድሞ ከማቀዝቀዣው ይውጣ።