«ፎርማት ይደረግልኝ» ከማለታችሁ በፊት

ዕቃውን መርጣችሁ ያስገጣጠማችሁት ዴስክቶፕ አልነሳ ሲል ወይም ሥራ መሃል ስታክ ሲያደርግ፣ ሱቄ መጥታችሁ የምትሉኝ አንድ ነገር ነው፤ «ፎርማት ይደረግልኝ።» እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኛል።

ፎርማት የሚያስተካክለው የሶፍትዌር ችግር ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ ግን ዊንዶውስ ከመምጣቱ በፊት ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን (ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታውን)ና ምስል የሚያወጣውን ግራፊክስ ካርድ ይፈትሻል። ስክሪኑ ጥቁር ከሆነና የማዘርቦርዱ አርማ እንኳን ካልመጣ፣ የዊንዶውስ ተራ ገና አልደረሰም። ታዲያ ፎርማቱ ምን ይፈይዳል?

አንዲት የአርክቴክቸር ተማሪ ኮምፒውተሯ በየሰዓቱ ስታክ እያደረገ አስቸገራት። ሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ ፎርማት አድርገውላታል። የመመረቂያ ሥራዋም አብሮ ጠፋ። እኔ ጋ ስትመጣ ራሞቹን አንድ በአንድ ሜምቴስት በሚባል የራም መፈተሻ ፕሮግራም ፈተሽኳቸው። አንደኛው አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ስህተት ማውጣት ጀመረ። እሱን ስነቅለው ችግሩ ቆመ። የጠፋው ፋይል ግን አልተመለሰም። እስካሁን ያናድደኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀሉ። ራሙን አውጡና ወርቃማውን ጥርስ በንጹሕ ላጲስ ቀስ አድርጋችሁ ጥረጉት። ፍርፋሪውን አራግፉና ቀጭ እስኪል መልሳችሁ ስኩት። ሁለት ራም ካላችሁ በየተራ ለብቻቸው ሞክሯቸው። ብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ሲፒዩ (ፕሮሰሰር)፣ ድራም (ራም)፣ ቪጂኤ (ግራፊክስ ካርድ)፣ ቡት (ዊንዶውስ የሚነሳበት ዲስክ) የሚሉ ትንንሽ መብራቶች አሉ። የትኛው በርቶ እንደቀረ አይታችሁ ለቴክኒሻኑ ንገሩት። ግማሹን ሥራ ታቀሉለታላችሁ።

«ፋኑ ከዞረ ፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠው ክፍል) ደህና ነው» የሚባለውም ልክ አይደለም። ፋን ለማዞር ትንሽ ኃይል ይበቃል። ኮምፒውተሩ ጌም ሲከፈት ድርግም ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ፓወር ሰፕላዩንም ጠርጥሩ። ለፕሮሰሰሩ የሚሄደው ባለ 8 ፒን ገመድ ሳይሰካ ቢቀርም ፋኖቹ ይዞራሉ፤ ምስል ግን አይመጣም።

«ግራፊክስ ካርዱ ሞቷል» ከማለታችሁ በፊት የስክሪኑ ገመድ የት እንደተሰካ እዩ። ስሙ በኤፍ (F) የሚያልቅ የኢንቴል ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ የለውም፤ እሱ ካላችሁ ገመዱ ካርዱ ላይ ካልተሰካ ምስል የለም።

ዲዲአር 5 የሚባለው አዲሱ የራም ዓይነት ያለው ኮምፒውተር መጀመሪያ ሲበራ ማዘርቦርዱ ራሙን እስኪያስተካክል ምስል ሳያሳይ ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል። አታጥፉት።

ስታቢላይዘር ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ አይዝላችሁም። የሚይዘው ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው።

«ፕሮሰሰር አይበላሽም» የሚሉም አሉ። በፈረንጆቹ 2024 ኢንቴል አንዳንድ የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ እየጠየቁ እንደሚጎዱ አምኖ ዋስትናውን በ2 ዓመት አራዝሟል። የባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የማዘርቦርዱ ሶፍትዌር) ማሻሻያው ጉዳቱን ይከላከላል፤ የተጎዳውን ግን አያድንም። ከነዚህ አንዱ ካላችሁ ባዮሱን ዛሬውኑ አሻሽሉ።

ፎርማት የግድ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ዲስኩን አስወጡና ፋይላችሁን በሌላ ኮምፒውተር አስገልብጡ። ተገልብጦ መከፈቱንም እዚያው ቆማችሁ እዩ።