ያረጀ ናፍጣ መኪና ዘይት ሲያንጠባጥብ፦ ጎንደር ውስጥ የምንሰማው እና እውነታው

ላንድክሩዘሬ ዕድሜው ገፍቷል። ሞተሩ ዋን ኤችዜድ የሚባለው ነው፤ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው። ጠንካራ ሞተር ነው፤ እወደዋለሁ። ዘይት ማንጠባጠብ ሲጀምር ግን ከአዘዞ እስከ ፒያሳ ያገኘሁት ሰው ሁሉ የየራሱን ምክር ሰጠኝ፤ ብዙው ስህተት ነበር፣ አንዳንዱም ገንዘቤን በላው። ስለዚህ የሰማሁትን አንድ በአንድ ላንሳው።

«ያረጀ ናፍጣ ማንጠባጠቡ ያለ ነው፤ ዘይት እየጨመርክ ንዳው»

በሌሊት አንዲት ጠብታ ሞተር አትገድልም፣ እሺ። ጥያቄው ዘይቱ የት ነው የሚሄደው ነው። ከሞተሩ ኋላ ካፈሰሰ ፍሪሲዮኑን ያርሰዋል፤ ከዚያ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው አይሄድም። ጎሚኒና ቱቦ ላይ ከተቀመጠ ላስቲካቸውን ያላሽቀዋል። ከሁሉም የሚያስፈራኝ የፊቱ ሲል፣ ማለትም ሞተሩ ፊት ላይ ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው የጎማ ቀለበት ነው። ይሄ ሞተር ታይሚንጉ፣ ማለትም የቫልቮቹ መከፈቻና መዝጊያ ጊዜ፣ የሚጠበቀው በቺንጋ (በጎማ ቀበቶ) ነው፤ ቺንጋው ዘይት ከጠጣ ዕድሜው ያጥራል፣ ከተበጠሰ ደግሞ ፒስተኑና ቫልቩ ይጋጫሉ። የ«ትንሽ ነው» ሲል ሙሉ ሞተር ሊያስወርድ ይችላል።

«የሚንጠባጠበው ከኋላ ነው፤ ስለዚህ የኋላው ሲል ነው፣ ካምቢዮ ይውረድ»

እኔን ያከሰረኝ ይሄ ነው። አንድ ጋራዥ ከስር ገብተው አዩ፣ በሞተሩና በካምቢዮው መጋጠሚያ እርጥብ ነው፣ አለቀ አሉ። ካምቢዮው ወረደ፣ ሲሉ ተቀየረ፣ ከፈልኩ። ደባርቅ ደርሼ ስመለስ ያው ቦታ እንደገና ረጥቧል። በኋላ አዘዞ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ከስር እንኳ አልገቡም። ኮፈኑን አስከፈቱኝና እጃቸውን ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጀርባ ሰደው ጣታቸውን አሳዩኝ፤ በዘይት ተነክሯል። «ልጄ፣ ዘይት ወደ ላይ አይወጣም» አሉኝ። የቴስታታው ክዳን ጓርኒሲዮን (በመሃል የሚገባው ማሸጊያ) ደርቆ ነበር፤ ዘይቱ ከዚያ በሞተሩ ጀርባ ወርዶ ካምቢዮው አፍ ላይ ይንጠባጠባል። ጓርኒሲዮኑ ሲቀየር ደረቀ። ዋጋው ካምቢዮ ለማውረድ ከከፈልኩት ጋር አይወዳደርም፤ አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ምንም ከማስፈታታችሁ በፊት ሞተሩን አሳጥቡ። ዲናሞውንና የአየር መሳቢያውን በላስቲክ ሸፍኑ። ሲደርቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ንዱት፣ ከዚያ የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ከላይ ወደ ታች፣ ከፊት ወደ ኋላ ፈልጉ፤ ምክንያቱም ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ በጉዞ ላይ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ከሁሉም ከፍ ብሎና ከሁሉም ወደ ፊት ቀድሞ የረጠበው ቦታ፣ ምንጩ እሱ ነው። ካልታያችሁ የሕፃናት ፓውደር ነፋ ነፋ አድርጉበት፤ መስመሩ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ማታ ከስር ካርቶን አንጥፉ። ቀለሙንም እዩ፤ ቀይ ከሆነ የመሪ ወይም የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ሊሆን ይችላል፣ ቀጭን ሆኖ ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ የናፍጣ ፓምፑን ወይም ቱቦዎቹን ተመልከቱ።

ከዚያ በፊት ደግሞ ቀላሉን አትዝለሉ። ቅርብ ጊዜ ዘይት ቀይራችሁ ከሆነ የማፍሰሻው ብሎን ሮንዴላ አሮጌው ሊሆን ይችላል። ወይም ፊልትሮው ሲፈታ የድሮው ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ፣ አዲሱ በላዩ ታስሮ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ዘይቱ አይንጠባጠብም፣ ይወርዳል።

«ብሎኑን ጠበቅ አድርገው፤ ይቆማል»

የላላ ብሎን ካለ አዎ። የደረቀ ጓርኒሲዮን ግን በማጥበቅ አይለሰልስም። ቆርቆሮ ኮፓ (ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት መያዣ) ከመጠን በላይ ሲታሰር ብሎኑ ዙሪያ ይጎብጣል፣ ከዚያ አዲስ ጓርኒሲዮንም አይዘው። አልሙኒየም ላይ ደግሞ ጥርሱ ይበላል።

«ሲል ተቀየረ፤ እንደገና ካፈሰሰ ሲሉ ፎርጂድ ነው»

ሊሆን ይችላል። ግን መተንፈሻውን ማን አየው? ሞተር ሲሠራ ከፒስተኑ ጎን ትንሽ ጋዝ ወደ ታች ያመልጣል፤ ያ ጋዝ በመተንፈሻ ቱቦው ይወጣል። ቱቦው በዘይት ዝቃጭና በጥቀርሻ ከተደፈነ ግፊቱ መውጫ ፍለጋ ዘይቱን በሲሉ በኩል ይገፋዋል። የፈለጋችሁትን ሲል አምጡ፣ ያፈሳል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈታ አድርጉት፤ እፍ እፍ ማለቱ ናፍጣ ላይ ያለ ነው። እንደ ባቡር ጭስ ተግ ተግ እያለ ከወጣ ግን ፋሻዎቹ (የፒስተኑ ቀለበቶች) ሳይደክሙ አልቀሩም፣ ያ ሌላ ሥራ ነው።

«ወፍራም ዘይት አድርግበት» እና «ስለሚያፈስ አሳልፈህ ሙላው»

ብዙ ሰው ጎንደር ላይ የማያፈስ መኪና ወደ መተማ ሲወርድ ማፍሰስ ይጀምራል ይላል፤ ልክ ነው። ቆላው ሞቃት ነው፣ ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፣ በቀጭኑ ክፍተት ያልፋል። ግን ወፍራም ዘይት የተቀደደ ሲል አይሰፋም። ደባርቅ ብርድ ላይ ጠዋት ስታስነሱት ደግሞ ላይ እስኪደርስ ይዘገያል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ደረቁን ይፋጫል። የመኪናው መጽሐፍ የሚለውን የዘይት ቁጥር አድርጉ።

አሳልፎ መሙላት ይብሳል። ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ ትርፉ በመተንፈሻው ወደ አየር መሳቢያው ይሄዳል። ናፍጣ ሞተር ደግሞ የራሱን ዘይት እንደ ነዳጅ ማቃጠል ይችላል፤ ከጀመረ ቁልፍ ብትዘጉትም ላይጠፋ ይችላል። ከላይኛው ምልክት አትለፉ።

«ዘይቱ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨምሯል፣ ስለዚህ ደህና ነው»

ዘይት በራሱ አይጨምርም። ወይ ናፍጣ እየገባበት ነው፣ ወይ ውሃ። ናፍጣ ከሸተተ ወይም እንደ ወተት ከነጣ አትንዱት። መጥቆሩ ግን አያስደንግጣችሁ፤ ናፍጣ ላይ ጥቀርሻው ቶሎ ያጠቁረዋል።

«ሲሊኮን በደንብ ቀባው»

ወደ ውጭ የተረፈውን ታያላችሁ፣ ወደ ውስጥ የተረፈውን አታዩም። እሱ ተቆርሶ ኮፓ ውስጥ ይወድቅና የዘይት ፓምፑን ወንፊት ይዘጋል። ቀጭን መስመር፣ ንጹሕና ደረቅ ብረት ላይ፣ መጽሐፉ ባዘዘው ቦታ ብቻ።

«የዘይት መብራቱ ቢበራም ቀስ ብዬ ጋራዥ እደርሳለሁ»

እባካችሁ እንዳትሞክሩት። ያ ቀይ መብራት የሚናገረው ስለ ግፊት ነው፤ ሲበራ ብረንዚናዎቹ (ዘንጉ የሚዞርባቸው ማረፊያዎች) ዘይት እያገኙ ላይሆን ይችላል፣ ለመበላሸት ደቂቃዎች ይበቃሉ። ሊማሊሞ ላይም ብትሆኑ ዳር ይዛችሁ ወዲያው አጥፉ፣ ከጎማው ስር ድንጋይ አድርጉ፣ ዘይቱ ትንሽ እስኪወርድ ጠብቃችሁ ለኩ። እኔ ከኋላ ወንበር ስር ሁልጊዜ 5 ሊትር ዘይት አለኝ፤ ዘይቱን የምለካውም ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ነው።