«የሕግ እንጂ የሰው መንግሥት አይደለም»፦ ትርጉሙና አመጣጡ

አባቶቻችን «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ይሉ ነበር። ሰማይን በሬ ጠምዶ የሚያርስ እንደሌለ ሁሉ፣ ንጉሥንም ችሎት ፊት የሚያቆም የለም ማለት ነው። አሜሪካኖች ደግሞ የዚህ ተቃራኒ የሆነ አባባል አላቸው፦ «መንግሥታችን የሕግ እንጂ የሰው መንግሥት አይደለም»። ፕሬዚዳንቱ ከሥልጣኑ አለፈ በተባለ ቁጥር ይህ አባባል ሳይነሳ አይቀርም። ፍርድ ቤት ውስጥ ይጠቀሳል፣ ኮንግረስ ውስጥ ይጠቀሳል፣ በቴሌቪዥን ክርክርም ይወረወራል።

ብዙ ሰው ሲሰማው «ሕግ ይከበር» ማለት ብቻ ይመስለዋል። ሕግማ አምባገነንም አለው። ማታ ያወጣዋል፣ ጠዋት ያስፈጽመዋል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የራሱን ዳኛ አስቀምጦ ያስፈርድበታል። አባባሉ የሚጠይቀው ከዚህ የከበደ ነገር ነው። ሕጉን የሚያወጣውም፣ የሚያስፈጽመውም፣ የሚፈርድበትም ሰው ራሱ በዚያው ሕግ ይያዝ ነው የሚለው። ሹም የሚታዘዙት ሕግ የሾመው በመሆኑ ነው። ሕጉን ረግጦ ሲያዝ ግን ከማንም ተራ ሰው አይለይም።

አባባሉን አሜሪካ ውስጥ ያስለመደው ጆን አዳምስ ነው፤ ኋላ ሁለተኛው ፕሬዚዳንት የሆነው የማሳቹሴትስ ግዛት ጠበቃ። በ1775 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከእንግሊዝ ጋር ጦርነቱ ሊፈነዳ ጥቂት ሲቀረው፣ አዳምስ «ኖቫንግለስ» በሚል የብዕር ስም ቦስተን ውስጥ በሚታተም ጋዜጣ ላይ ተከታታይ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። በአንዱ ላይ ሪፐብሊክ ማለት የሕግ እንጂ የሰው ያልሆነ መንግሥት ነው አለ። ሐሳቡን ከራሱ አላመነጨውም፤ ከግሪካዊው ፈላስፋ ከአርስቶትል፣ ከሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ከሊቪና ከሃሪንግተን እንደወሰደው እዚያው ላይ ተናግሯል። ጄምስ ሃሪንግተን እንግሊዛዊ ነው። በ1656 ባሳተመው መጽሐፍ «የሕግ እንጂ የሰው ያልሆነ ግዛት» ሲል ጽፏል። ያን ጊዜ እንግሊዞች ንጉሣቸውን ቀዳማዊ ቻርለስን ከስሰው፣ ፈርደውበት፣ አንገቱን ከቀሉ ሰባት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ንጉሥ ይከሰሳል ወይ የሚለው ጥያቄ ለሃሪንግተን የመጽሐፍ ወሬ ብቻ አልነበረም።

አባባሉ ሕግ ሆኖ የተጻፈው በ1780 ነው። የማሳቹሴትስ ግዛት ሕገ መንግሥት ዋና አርቃቂ አዳምስ ነበር፤ ሰነዱ ዛሬም ይሠራል። ለእኔ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ፣ በመብቶች መግለጫው 30ኛ አንቀጽ ላይ ነው። አንቀጹ እንዲህ ይላል፦ ሕግ አውጪው የአስፈጻሚውንና የዳኛውን ሥልጣን ከቶ አይያዝ፤ አስፈጻሚው የሕግ አውጪውንና የዳኛውን አይያዝ፤ ዳኛውም የሁለቱን አይያዝ። ከዚያ በኋላ ነው ያ አባባል የሚመጣው፦ ይህም መንግሥቱ የሕግ እንዲሆን፣ የሰው እንዳይሆን ነው። ሥልጣን የሚከፋፈልበት ምክንያት ሆኖ ነው የገባው። ሥልጣኑ አንድ እጅ ላይ ከተጠራቀመ ግን አባባሉ ባዶ ቃል ይሆናል።

በ1787 ፊላደልፊያ ላይ በተረቀቀው የፌዴራል ሕገ መንግሥት ውስጥ አባባሉ አንድም ቦታ የለም። አዳምስም እዚያ አልነበረም፤ በመልእክተኝነት ለንደን ነበር። ሐሳቡ ግን በአሠራሩ ውስጥ አለ። አንቀጽ 1 ስለ ኮንግረስ፣ አንቀጽ 2 ስለ ፕሬዚዳንቱ፣ አንቀጽ 3 ስለ ፍርድ ቤቶች ነው። ፕሬዚዳንቱ ኮንግረስ ያሳለፈውን ሕግ ይመልሳል፣ ኮንግረስ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መልሶ ያጸድቀዋል። ዳኞችን ፕሬዚዳንቱ ያጫል፣ ሴኔቱ ያጸድቃል። ሥልጣን ላይ የሚወጣ ሁሉ የሚምለው ለሕገ መንግሥቱ ነው፤ ለፕሬዚዳንቱ ብሎ የሚምል የለም።

አሁን ደግሞ ሕጉ ሰው እጅ ገብቶ ምን እንደሠራ እንይ። ኋላ ኤሊዛቤት ፍሪማን ተብላ የተጠራችው ሴት በማሳቹሴትስ ሼፊልድ በተባለች ከተማ በባርነት ትኖር ነበር። ጌታዋ ኮሎኔል ጆን አሽሊ የአገሩ ትልቅ ሰው ነው። ሰው ሁሉ በተፈጥሮው እኩልና ነፃ ነው የሚለው የ1773ቱ የሼፊልድ መግለጫ የተረቀቀው በዚሁ ሰው ቤት ነበር፣ እሷ በምታገለግልበት ቤት! ማንበብና መጻፍ አትችልም። «ሰዎች ሁሉ ነፃና እኩል ሆነው ይወለዳሉ» የሚለውን የአዲሱን የማሳቹሴትስ ሕገ መንግሥት ቃል ግን በጆሮዋ ሰማች። ጠበቃው ቴዎዶር ሴጅዊክ ዘንድ ሄዳ ይህ ሕግ እኔን አይመለከትም ወይ ብላ ጠየቀች። በ1781 ብሮም ከሚባል ሌላ ባሪያ ጋር ሆና ግሬት ባሪንግተን ፍርድ ቤት ክስ መሠረተች። ፈራጆቹ ሁለቱም ባሪያ አይደሉም ብለው ወሰኑ፤ አሽሊ 30 ሺሊንግ ካሣ እንዲከፍልም ፈረዱበት። አሽሊ በደመወዝ ተመልሳ እንድትሠራለት ለመናት፤ እምቢ አለች።

ይህን ታሪክ ስናነሳ ሌላውን መደበቅ አይገባም። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት የባሪያ ንግድ እስከ 1808 እንዳይታገድ ከለላ ሰጥቷል። ያመለጠ ባሪያ ለጌታው እንዲመለስም አዟል። በ1857 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥቁር ሰው ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ ነፃነቱን ሊያገኝ በከሰሰው ባሪያ በድሬድ ስኮት ላይ ፈረደ። ሕጉ ራሱ ሰንሰለት ሆኖ ነበር። «የሕግ መንግሥት» መባል ብቻውን ፍትሕ አያመጣም፤ ይህን ደፍሮ መናገር ያስፈልጋል።

አባባሉን የዳኞች መደገፊያ ያደረገው ዋና ዳኛ ጆን ማርሻል ነው። አዳምስ ሥልጣኑን ሊያስረክብ ሲል ዊልያም ማርበሪን በዋሽንግተን ለአንድ ትንሽ የዳኝነት ሥራ ሾመው። የሹመት ደብዳቤው ተፈረመ፣ ማኅተም ተመታበት፤ ግን ሳይደርሰው ቀረ። አዲሱ ፕሬዚዳንት ጄፈርሰንም እንዳይሰጠው አዘዘ። ማርበሪ ደብዳቤው እንዲሰጠኝ ይታዘዝልኝ ብሎ በቀጥታ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከሰሰ። ማርሻል በ1803 ፍርዱ ላይ መንግሥታችን የሕግ እንጂ የሰው አይደለም ይባላል፤ ሕግ የሰጠውን መብት የተነጠቀ ሰው ግን መፍትሔ ከሌለው ይህ ስም አይገባውም አለ። ቀጥሎ ግን ኮንግረስ ለፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለ ትእዛዝ የመስጠት ሥልጣን የሰጠበት ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ስለሚጋጭ ውድቅ ነው ብሎ ወሰነ። ማርበሪ ሹመቱን አላገኘም። ፍርድ ቤት ሕገ መንግሥቱን የጣሰ ሕግ የመሻር ሥልጣን አለው የሚለው መርህ ግን የጸናው በዚህ ፍርድ ነው።

አባባሉ በከፍተኛ ድምፅ የተሰማው ጥቅምት 1973 ላይ ይመስለኛል። የዋተርጌትን ጉዳይ፣ ማለትም በ1972 በተቃዋሚው ፓርቲ ቢሮ የተፈጸመውን ሰርጎ መግባትና መሸፋፈኑን የሚመረምረው ልዩ ዐቃቤ ሕግ አርኪባልድ ኮክስ፣ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በቢሮው የቀዳውን የድምፅ ካሴት አምጣ አለ። ኒክሰን ኮክስ ይባረር ብሎ አዘዘ። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሪቻርድሰን አላባርርም ብሎ ሥራውን ለቀቀ። ምክትሉ ራክልስሃውስም እምቢ ብሎ ወጣ። ትእዛዙን የፈጸመው ሦስተኛው፣ ሮበርት ቦርክ ነበር። ያን ቅዳሜ ማታ ኮክስ አጭር ቃል ሰጠ፦ መንግሥታችን የሕግ እንጂ የሰው ሳይሆን ይቀጥል እንደሆነ የሚወስነው አሁን ኮንግረስ፣ በመጨረሻም የአሜሪካ ሕዝብ ነው። በቀጣዩ ሐምሌ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ካሴቶቹ ይሰጡ ብሎ በሙሉ ድምፅ፣ 8 ለ 0 ወሰነ። ፍርዱን የጻፈው ዋና ዳኛ ዋረን በርገር የኒክሰን ሹመኛ ነበር። ኒክሰን ነሐሴ 9 ቀን 1974 ሥልጣኑን ለቀቀ።

በዋሽንግተን አካባቢ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ፣ ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና የሚያጠኑ ወገኖቻችን ይህን ሐሳብ በሌላ መልክ ያውቁታል። የሕግ የበላይነት ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ አንዱ ትክክለኛ መልስ «ከሕግ በላይ የሆነ ማንም የለም» የሚለው ነው።

ክርክሩ ግን አላለቀም። ሐምሌ 1 ቀን 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ፣ ፕሬዚዳንት ለዋና ሕገ መንግሥታዊ ሥልጣኑ ሙሉ፣ ለሌሎች የሥራ ተግባሮቹ ቢያንስ ዐቃቤ ሕግ እስኪያፈርሰው ድረስ የሚጸና የወንጀል ክስ ከለላ አለው ብሎ ወሰነ። ለግል ድርጊቱ ከለላ የለውም። ዋና ዳኛ ሮበርትስ ፕሬዚዳንት ከሕግ በላይ አይደለም ብለው ጻፉ። ዳኛ ሶቶማዮር በተቃውሟቸው ላይ ፕሬዚዳንቱን ከሕግ በላይ የሆነ ንጉሥ አደረጋችሁት አሉ። እኔን የሚያሳስበኝ የሳቸው ስጋት ነው። የሥራ ተግባር የቱ ነው፣ የግል የቱ ነው የሚለው ገና በየክሱ የሚለይ ነገር ነው፤ ልጓሙ የሚጠብቀውም ሆነ የሚላላው እዚያ ላይ ነው።